የመዘምራን አሰልጣኝ ስንት ይከፈለው? በትርፍ ጊዜ የሚሠራ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ክፍያ እንዴት እንደሚሰላ

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የዓመቱ በጀት በሚረቀቅበት ሰሞን ነው። ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለመብራትና ለውኃ የሚወጣው ገንዘብ ያለ ብዙ ክርክር ከተመዘገበ በኋላ «የመዘምራን አሰልጣኝ» የሚለው መስመር ላይ ሲደረስ የሽማግሌዎቹ ስብሰባ ይረዝማል። አንዱ «በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው» ይላሉ፤ ሌላው «አገልግሎት እኮ ነው፤ ዋጋ ይተመንለታል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሦስተኛው ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ኪቦርድ ተጫዋች ይከፈላል ሲባል የሰሙትን ቁጥር ያነሣሉ። ሦስቱም የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ስለሆነ አይገናኙም፤ በመጨረሻም የአምናው ቁጥር እንዳለ ይጸድቃል።

ይህ ማብራሪያ በጅማ ከተማ ባሉ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ መዘምራንን ለሚያሠለጥኑ ሰዎች የሚሰጠው ክፍያ በምን መሠረት ሊሰላ እንደሚችል ያሳያል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመሪጌቶችና የዜማ መምህራን አመዳደብ የራሱ የቆየ ሥርዓት ስላለው እዚህ ውስጥ አልገባም።

«ትርፍ ሰዓት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ብዙው አለመግባባት የሚጀምረው ከዚህ ቃል ነው። በዕለት ንግግራችን «ትርፍ ሰዓት ይሠራል» የምንለው ሰው ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንደኛው በዚያው መሥሪያ ቤት ከመደበኛው ሰዓት በላይ የሚሠራ ሠራተኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የትርፍ ሰዓት ሥራ» ብሎ የሚጠራው ይህንን ሲሆን፣ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ ለተሠራው ሰዓት አዋጁ ከመደበኛው የሰዓት ክፍያ ቀን ላይ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ሌሊት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል።

ሁለተኛው ዓይነት ሰው ግን ቀን መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ ሆኖ ውሎ፣ ማታና እሑድ ለሌላ አሠሪ ጥቂት ሰዓት የሚሠራ ነው። የመዘምራን አሰልጣኙ ከዚህኛው ወገን ይመደባል። የእሱ ሥራ «የከፊል ጊዜ ሥራ» ቢባል ይበልጥ ይገልጸዋል፤ ምክንያቱም ለቤተ ክርስቲያኒቱ እነዚያ ጥቂት ሰዓታት ትርፍ ሳይሆኑ ሙሉው ውል ናቸው። ስለዚህ «እሑድ ስለሠራሁ ሁለት እጥፍ ይገባኛል» የሚለው ክርክር በቀጥታ አያስኬድም፤ እሑድ መሥራት ገና ከመነሻው የውሉ አካል ነበርና። በሌላ በኩል «ትርፍ ሰዓት ነው» የሚለው አነጋገር ሥራውን ከዋናው ሥራ የተረፈ፣ እንደ ጎን ገቢ ብቻ የሚታይ አድርጎ ዋጋውን ማሳነሻ ሊሆን አይገባም።

ሌሎች ሁለት ቃላትም መለየት አለባቸው። ደመወዝ ማለት መጠኑና የሚከፈልበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ የሥራ ዋጋ ነው። የፍቅር ስጦታ ደግሞ ሰጪው በፈቀደ ጊዜ፣ በፈቀደው መጠን የሚሰጠው ነው፤ ተቀባዩ ሊጠይቀው አይችልም፣ ሰጪውም በምላሹ «ለምን ቀረህ?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። በየወሩ መጨረሻ በፖስታ ተደርጎ «የፍቅር ስጦታ» እየተባለ የሚሰጥ፣ ነገር ግን አሰልጣኙ ሁለት ልምምድ ሲቀር የሚቀነስ ገንዘብ ስሙ ስጦታ ጠባዩ ደመወዝ ነው። ይህ ቅልቅል ለሁለቱም ወገን የማይመች ሆኖ ሳለ በብዙ ቦታ የቆየው፣ ስለ ገንዘብ ፊት ለፊት መነጋገር ስለሚያሳፍር ይመስለኛል።

አገልግሎት ከሆነ ለምን ይከፈላል?

ለዚህ ክርክር ሁለቱም ወገኖች ጥቅስ አላቸው። አንደኛው ወገን በከንቱ የተቀበሉትን በከንቱ ስለ መስጠት የተነገረውን ያነሣል፤ ሌላኛው ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው የተጻፈውን። የትኛው ጥቅስ ለየትኛው ሁኔታ እንደሚሆን መወሰን የመምህራንና የሽማግሌዎች ድርሻ ስለሆነ ለእነሱ እንተወው። በአሠራር ረገድ ግን በዘማሪውና በአሰልጣኙ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። ዘማሪ ሲቀር አንድ ድምፅ ይጎድላል፤ አሰልጣኙ ሲቀር ልምምዱ ራሱ ይቀራል። ዘማሪው ፈተና ሲደርስበት ወይም እንግዳ ሲመጣበት ይቅርታ ጠይቆ ሊያርፍ ይችላል፤ አሰልጣኙ ግን ማንም ባይመጣ እንኳ በሩን ከፍቶ መጠበቅ ይኖርበታል። ክፍያው የሚሰጠው ለጸሎቱ ወይም ለዝማሬው መንፈስ ሳይሆን ለዚህ ኃላፊነት፣ ለሙያውና ለሚያዝበት ሰዓት ነው።

አሰልጣኙ ራሱ በነጻ ላገልግል ቢል ምንም የሚከለክለው የለም። ብዙዎች ለዓመታት እንዲያ አድርገዋል። ልዩነቱ ፈቃዱ የእሱ መሆኑ ነው፤ ሌላው ሰው የእሱን ሰዓት በነጻ ሊሰጥለት አይችልም።

ሥራው በእርግጥ ስንት ሰዓት ይወስዳል?

ሽማግሌው «ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት» ያሉት አይተው ነው፤ አልዋሹም። ያዩት ግን ምጣዱን ነው። እንጀራ ምጣድ ላይ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም ሊጡ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ተቦክቷል። የአሰልጣኝም ሥራ አብዛኛው የሚቦካው ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

መዝሙር ይመረጣል፤ ለሳምንቱ ስብከት የሚስማማ፣ ለመዘምራኑ አቅምም የማይከብድ መሆን አለበት። ከዚያ የመዝሙሩ ኪይ፣ ማለትም የሚዘመርበት የድምፅ ከፍታ፣ ለአብዛኛው ሰው ድምፅ በሚመች መልኩ ይወሰናል፤ ዜማው ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ላሉት አራት ድምፆች፣ ለሶፕራኖ፣ ለአልቶ፣ ለቴኖርና ለቤዝ ይከፈላል። ኖታ የሚያነቡ መዘምራን ጥቂት ስለሆኑ አሰልጣኙ አራቱንም ድምፅ እያንዳንዱን ለብቻው በራሱ ድምፅ ዘምሮ በስልክ ይቀዳና በቴሌግራም ቡድን ይልካል። ይህን ሥራ ያልሞከረ ሰው ቀላል ይመስለዋል፤ የአምስት ደቂቃ መዝሙር በአራት ድምፅ ሲቀዳ፣ ስሕተት እየታረመና ጎረቤት የሚያሰማው ጫጫታ እየተጠበቀ፣ አንድ ምሽት ሙሉ ይፈጃል።

ጅማ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ሥራ አለ። መዘምራኑ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይዘምራሉ። አፋን ኦሮሞ አናባቢውን አንዴ ማስረዘም አንዴ ማሳጠር የቃሉን ትርጉም የሚለውጥበት ቋንቋ ስለሆነ፣ በአማርኛ የተደረሰ ዜማ ላይ የአፋን ኦሮሞ ግጥም ሲጫን ረጅሙ አናባቢ አጭር ኖታ ላይ እንዳይወድቅ ዜማውን ማስተካከል ይጠይቃል። ይህ ካልተደረገ ጆሮው የሰላ አዳማጭ ወዲያው ያውቀዋል። በዚህ ላይ ከዘማሪዎቹ ጥቂት የማይባሉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ በየዓመቱ የሠለጠኑት ተመርቀው ይሄዳሉ፣ አዲሶች ይመጣሉ፣ አሰልጣኙም ከ«አፍህን ክፈት» ይጀምራል። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አልቶና ቴኖርን ለመለየት መሞከር ምን እንደሚመስል አይጠፋውም፤ ክረምት ላይ አንድ ሰዓት ልምምድ ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው።

በውጭ አገርም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በአሜሪካ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት የእጅ ደወል ቡድን አለ። እያንዳንዱ ደዋይ በተለምዶ ሁለት ደወል ይይዛል፤ የኛ አገር እምቢልታ ነፊዎች እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ አውጥተው በመቀባበል ዜማውን እንደሚሞሉት ሁሉ፣ አንድ ደዋይ ከቀረ ዜማው ጥርሱ የወለቀ ይሆናል። የዚያ ቡድን መሪ የትኛው ሰው የትኛውን ደወል እንደሚይዝ መደልደል፣ ለቀረው ሰው ተተኪ መፈለግ፣ ደወሎቹን ማጽዳት ሥራው ነው፤ ይህ ሁሉ ከልምምድ ሰዓት ውጭ ነው። የአሜሪካ የኦርጋን ተጫዋቾች ማኅበር ለቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኞች የሚያወጣው የክፍያ መመሪያም የትምህርት ደረጃንና በሳምንት የሚሠራውን ጠቅላላ ሰዓት መሠረት ያደርጋል፤ የዝግጅት ጊዜም ከሰዓቱ ይቆጠራል።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል የአንድ አሰልጣኝ ሳምንት እንዲህ ነው እንበል። ሁለቱ ልምምዶች 4 ሰዓት፤ እሑድ ድምፅ ማጉያውን ከመፈተሽ እስከ አምልኮው ፍጻሜ 3 ሰዓት፤ መዝሙር መምረጥና በድምፅ መክፈል 2 ሰዓት ተኩል፤ መቅዳትና መላክ 1 ሰዓት ተኩል፤ ስልክ፣ ስብሰባና የሰዎችን ቅሬታ መስማት 1 ሰዓት። ድምሩ 12 ሰዓት ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ለማግኘት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ አሰልጣኙ ለአራት ሳምንት ያህል ሰዓቱን በማስታወሻ ደብተር እንዲይዝ መጠየቅ ነው፤ ደብተሩ ብዙ ክርክር ያሳጥራል።

የአንድ ሰዓት ዋጋ ከየት ይመጣል?

በኢትዮጵያ ለግል ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። አዋጅ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም ሊያዝ የሚችል ቁጥር በእጃችን የለም። የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ይህ ለአብያተ ክርስቲያናት ግዴታ ባይሆንም የት አካባቢ እንዳለን ያሳያል።

የተሻለው መነሻ ማነጻጸር ነው፤ ይህ ሰው ያለውን ዓይነት ችሎታና ልምድ የያዘ ባለሙያ በዚሁ ከተማ በሙሉ ጊዜ ቢሠራ ስንት ያገኛል? የአዲስ አበባው ቁጥር እዚህ ብዙም አይጠቅምም። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባለው ከተማ ስቱዲዮ፣ ሠርግና ኮንሰርት ስላለ የአንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሰዓት የሚሻማበት ብዙ ነው። የጅማው ማነጻጸሪያ በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ሊሆን ይችላል።

ስሌቱን ለማሳየት ብቻ፣ የዚያ መምህር ወርኃዊ ደመወዝ 12,000 ብር ነው እንበል። የአሰልጣኙን 12 ሰዓት ለአዋጁ ከፍተኛ ሰዓት፣ ለ48 ብናካፍለው ሩብ ይሆናል፤ ክፍያውም 3,000 ብር ይሆናል። ነገር ግን መምህሩ በተግባር በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ 12 ሰዓት የ40 ሠላሳ በመቶ ነው፤ ክፍያው 3,600 ብር ይደርሳል። ሽማግሌው በዓይናቸው ያዩትን 4 ሰዓት ብቻ ወስደን ለ48 ብናካፍል ደግሞ 1,000 ብር ይመጣል። ሥራው አንድ፣ ሰውዬው አንድ፣ የማነጻጸሪያው ደመወዝም አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ተለያየ። ስብሰባው ላይ የነበሩት ሰዎች ያልተግባቡት ስስታምና ለጋስ በመሆናቸው ሳይሆን አካፋዩና ተካፋዩ ስለተለያየባቸው ነው። ለዚህ ነው ከብሩ አስቀድሞ ሁለቱ የሰዓት ቁጥሮች ላይ፣ ማለትም በአሰልጣኙና በማነጻጸሪያው መምህር ሰዓት ላይ፣ መስማማት የሚያስፈልገው።

ቋሚ ሠራተኛ የሚያገኛቸው ሌሎች ነገሮችስ?

የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ከደመወዙ ሌላ የማይታዩ ጥቅሞች አሉት። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። በአዋጁ መሠረት ደግሞ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት ከነክፍያው ያገኛል፤ ይህ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ከዓመቱ የሥራ ቀናት 5 በመቶ ገደማ ነው። የከፊል ጊዜ አሰልጣኙ እነዚህን ካላገኘ፣ ከተነጻጻሪው መምህር ጋር እኩል ተከፈለው ማለት አይቻልም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ዕረፍቱን በቀን ልትሰጥ፣ የጡረታውን ድርሻም በቁጠባ መልክ ልታስቀምጥለት ትችላለች፤ ካልሆነ የጡረታውን 11 በመቶና የዕረፍቱን 5 በመቶ ደምራ ከክፍያው ላይ 16 በመቶ ብትጨምር 3,600 ብሩ 4,176 ይሆናል።

ማመላለሻ ለብቻው ቢያዝ ይመረጣል። ልምምድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ሲያልቅ፣ በተለይ ዝናብ ካለ፣ ከፈረንጅ አራዳ ወደ ቆጪ የሚሄድ ሰው ባጃጅ በኮንትራት ለመያዝ ይገደዳል፤ ይህ የሥራ ዋጋ ሳይሆን ለሥራው የወጣ ወጪ ስለሆነ ከደመወዙ ጋር ተቀላቅሎ መጥፋት የለበትም።

ግብር ይቆረጣል ወይ?

ለተሠራ ሥራ በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ «የፍቅር ስጦታ» ስለተባለ ብቻ ከግብር ነጻ አይሆንም። በ2017 በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ በወር እስከ 2,000 ብር ግብር አይከፈልም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ባለው ላይ 15 በመቶ፣ ከ4,000 በላይ እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ ይከፈላል፤ ምጣኔው እንዲህ እያለ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ግብሩን ቀንሶ ማስገባት ያለበት ከፋዩ ነው።

ብዙዎች «እርከን አለፍኩ፤ ሙሉ ደመወዜ በከፍተኛው ምጣኔ ሊቆረጥ ነው» ብለው ይሰጋሉ። እንደዚያ አይደለም፤ ምጣኔው የሚመለከተው በዚያ እርከን ውስጥ የገባውን ብር ብቻ ነው። የላይኛው ምሳሌ 4,176 ብር ለብቻው እንደሚሰላ ገቢ ቢወሰድ፣ ከ2,000 እስከ 4,000 ባለው ላይ 300 ብር፣ በቀሪው 176 ብር ላይ 35 ብር ከ20 ሳንቲም፣ በድምሩ 335 ብር ከ20 ሳንቲም ይቆረጣል፤ አሰልጣኙ እጅ የሚደርሰው 3,840 ብር ከ80 ሳንቲም ነው። «4,000 ብር እንከፍልሃለን» የሚል ቃል ሲሰጥ ግብር ሳይቆረጥ ነው ወይስ ተቆርጦ የሚለው መጠየቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። 4,000 ብር በእጁ እንዲደርሰው ከተፈለገ ቤተ ክርስቲያኒቱ በጀቷ ላይ 4,375 ብር መያዝ አለባት።

የሠራተኛ ሕጉ ቤተ ክርስቲያንን ይመለከታል?

የሃይማኖት ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በሚመሠርቱት የሥራ ግንኙነት ላይ አዋጁ ተፈጻሚ እንዳይሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ሊወስን እንደሚችል አዋጁ ራሱ ያስቀምጣል። ክርክር ሲነሣ የሚፈተሸው ሥራው መንፈሳዊ አገልግሎት ነው ወይስ እንደ ጥበቃና እንደ ሂሳብ ሥራ ያለ ተራ ቅጥር የሚለው ነው። የመዘምራን አሰልጣኝ እነዚህ በሚገናኙበት ድንበር ላይ የቆመ ስለሆነ ሕጉ ይደርስልኛል ብሎ መተማመን ለማንኛውም ወገን አያዋጣም። በአንድ ገጽ የተጻፈ ውል ግን ይጠቅማል፤ የሰዓት ብዛት፣ የክፍያ መጠንና ቀን፣ ግብሩን የሚችለው ማን እንደሆነ፣ የዕረፍት ሳምንታት፣ ሥራ ለመልቀቅ ስንት ጊዜ ቀደም ብሎ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «በወንድማማች መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ማለታቸው አይቀርም። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ግን ኮሚቴው ተለውጦ የተነገረውን የሚያስታውስ ሰው ሲጠፋ ነው።

በዓላትና የዋጋ ንረትስ?

ገና፣ ፋሲካና የዓመቱ ኮንፈረንስ ሲቃረቡ ልምምዱ በየቀኑ ይሆናል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ተማሪዎቹ ሲበተኑ ይቀዘቅዛል። ወርኃዊ ክፍያው የዓመቱን አማካይ ሰዓት ይዞ ከተሰላ ይህ መዋዠቅ ራሱን ያቻችላል። ካልተካተተ ግን ለኮንፈረንሱ ሳምንት የሰዓት ክፍያው ለብቻው መታሰብ አለበት።

የብርን የመግዛት አቅም በተመለከተ፣ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ሲለቅ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ማስታወስ በቂ ነው። የጊታር ክርም፣ የኪቦርድ አዳፕተርም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጀት ከመጽደቁ አንድ ወር በፊት፣ የማነጻጸሪያው ደመወዝ ዳግም ተጠይቆ ስሌቱ እንደገና ይሠራ የሚል አንድ መስመር በውሉ ውስጥ ቢገባ፣ አሰልጣኙ በየዓመቱ ጭማሪ ለመለመን ከመቸገር ይድናል።

አሰልጣኙ ሲለቅ ምን ይሆናል?

ይህ ሲዋዋሉ የማይታሰብ፣ ሲለያዩ ግን የሚያጣላ ጉዳይ ነው። ለዓመታት የተቀዱት የአራት ድምፅ ቅጂዎች፣ በአፋን ኦሮሞ የተስተካከሉት ዜማዎች፣ የግጥም ደብተሮቹና የቴሌግራም ቡድኑ የማን ናቸው? ለዝግጅት ሰዓት ተከፍሎበት ከሆነ ቤተ ክርስቲያኒቱ ቅጂ ይገባኛል ለማለት ምክንያት አላት፤ የተከፈለው የልምምድ ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን ዝግጅቱ የተሠራው በአሰልጣኙ ሰዓትና በአሰልጣኙ ስልክ ነው። ቅጂዎቹ በየሦስት ወሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ኮምፒውተር እንዲገለበጡ፣ አሰልጣኙም የራሱን ድርሰቶች ይዞ እንዲሄድ መጀመሪያ ላይ ከተስማሙ፣ መልቀቂያው ቀን ላይ የሚቀረው የኪቦርዱንና የልምምድ አዳራሹን ቁልፍ መረካከብ ብቻ ነው።